የጣና ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች፦ ደንገል፣ መንጠቆና የጠፋ ቋንቋ

ስለ ኢትዮጵያ ዕደ ጥበብ ታሪክ የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው ስለ ሸማኔው፣ ስለ ቀጥቃጩ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋና ስለ ቆዳ ፋቂው ብዙም ይሁን ጥቂት የሚያነበው አያጣም። ስለ ዓሣ አጥማጁ ግን እምብዛም አያገኝም። ቢያገኝም የሚነገረው አጥማጁ ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚበላና ማን ከእርሱ ጋር ማዕድ እንደማይቆርስ ነው፤ የእጁ ሥራና የአእምሮው ዕውቀት የታሪክ ጸሐፊዎችን ቀልብ አልሳበም። ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ነው። በጣና ዙሪያ ነገሥታት ከትመዋል፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል፤ በደሴቶቹ ላይ ገዳማት ተገድመው ገድልና ድርሳን ተጽፏል፣ የብራና ሥዕል ተሥሏል። ነገሥታቱንና መነኮሳቱን ከየብስ ወደ ደሴት፣ ከደሴት ወደ የብስ ያመላለሰው ታንኳ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የአገራችን ታላቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱንም እንዲሁ ታላቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ሆኖም በጣም ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። የተፈጠረውም በጥንት ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የወንዙን መውጫ ዘግቶ ውሃውን ስላገደው ነው። ከሐይቁ የሚወጣው አባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ አባይ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ገደል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ለጎብኚ ውበት ሲሆን ለዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው፤ ከታችኛው አባይ ወደ ሐይቁ ሊወጣ የሚችል ዓሣ የለም። በዚህ የተነሣ በጣና ውስጥ የቀረው የዓሣ ዘር ለብቻው ሲራባ፣ ለብቻው መልኩን ሲለውጥ ኖሯል። በአገሬው ሰው አፍ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ወገን ብቻ ወደ 15 በሚደርሱ ዝርያዎች ተከፋፍሎ የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ነው። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው የዚህ ዓሣ ወገን አዳኝ ሆኖ መገኘቱ በዓለም ላይ እንግዳ ነገር በመሆኑ፣ ጣና በሥነ ሕይወት ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሥፍራ ሆኗል።

ሊቃውንቱ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ግን ይህን ልዩነት ሊያውቅ የግድ የሆነበት ሰው በዳርቻው ይኖር ነበር። የጣና ዳርቻ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንድ ሥፍራ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ውሃው አፍ ይዘልቃል፤ ወንዞቹ በሚገቡበት ደለልና አሸዋ ይንጣለላል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ደንገል እንደ ጫካ ቆሞ ውሃውን ከየብሱ ይለያል። አጥማጁም በእነዚህ ሦስት ሥፍራዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠራ አይችልም። ከድንጋዩ ሥር የሚውለው፣ ከንፈሩ ሥጋ የለበሰና የተንዠረገገ ነጭ ዓሣ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀውን ነፍሳት በከንፈሩ እየመጠጠ የሚያወጣ ነው። ቆሮሶ ደግሞ ሣርና ሞገድ የማይበዛበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይመርጣል፤ ወንዱ በለስላሳው መሬት ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። አምባዛ ክረምት ሲገባና ወንዙ ሜዳውን ሲያለብሰው ወደ ረግረጉ ይወጣል። እንግዲህ ከዓለት ላይ ተቀምጦ ክርና መንጠቆ የሚወረውር ሰው፣ በወንዝ አፍ ላይ የተጠለፈ ወጥመድ የሚያኖር ሰውና በደንገሉ ጠርዝ መረብ የሚዘረጋ ሰው፣ ምንም እንኳ የአንድ መንደር ልጆች ቢሆኑ፣ የሚጠብቁት ወርና የሚያጤኑት የውሃ መልክ የተለያየ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት የክረምቱ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ለሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡ ናቸው። ከሐምሌ ጀምሮ እነዚህ ወንዞች ሲሞሉ ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐይቁ ተነሥተው ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ሽቅብ ወጥተው ጥርት ያለ ውሃ በሚወርድባቸው ጠጠራማ ገባሮች ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዓሣው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ወንዝ አፍ ላይ ተጨናንቆ ስለሚገኝ ለአጥማጁ የመኸር ወቅት ነው። ለዓሣው ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚያሰጋው ጊዜ ነው። ይህ ጉዳይ ወደ ኋላ እንደገና ይነሣል።

ከዳርቻ ጥቂት ለመራቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በረዣዥም ነዶ እየታሰረ፣ ነዶው ከነዶ ጋር በልጥ እየተጠፈረ፣ የፊተኛው ጫፍ ሾጥጦ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ በኩል ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፍበትና ጭነቱም ሰውየውም ከዚያ ላይ ይሆናሉ። ምስማር የለው፣ ቅጥራን የለው፤ ውሃ እንዳይገባውም የተደረገ ነገር የለም። የሚንሳፈፈው ውሃ ስለማያስገባ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው። ስለዚህ ታንኳ አይሰጥምም፣ አይገለበጥምም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ባለ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ወደ የብስ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ያቆመዋል፣ ያደርቀዋል። ይህን ሁሉ አድርጎም ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። ታንኳ ሠሪ ማለት በሕይወቱ ሙሉ አንዱን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራ ሰው ነው፤ ከእጁ የወጣ አንድም ነገር ለልጅ ልጁ አይቆይም። በሙዚየም ውስጥ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ማየት ሲቻል የዚያን ዘመን ታንኳ ማየት የማይቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። መኖሩን የሚያረጋግጡት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገሩ የነበሩት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፎች ናቸው፤ በግብፅ ጥንታዊ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉት የደንገል ጀልባዎችም የዚሁ ጥበብ ዘመዶች መሆናቸውን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።

ታንኳውን በመሥራት፣ ዓሣ በማጥመድና ጉማሬ በማደን የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ወይጦዎች በእስልምና ሃይማኖት የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከውሃው ሥራ ሌላ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብና ከሣር ልዩ ልዩ ዕቃ በመስፋት ይተዳደሩ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤታቸው እንደ ርኩስ ቆጥሮ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። ይህን ንቀት የሃይማኖት ሥርዓት ብቻ አድርጎ ማየት ግን አያጠግብም። የጉማሬውን ሥጋ የሚጸየፈው ባላባት የጉማሬውን ቆዳ አልተጸየፈውም። በአማርኛ ጉማሬ የሚለው ቃል እንስሳውንም ከቆዳው የሚሠራውንም አለንጋ የሚያመለክት ነው። አዳኙ ወደ ግቢ እንዳይገባ ተከልክሎ ሳለ አለንጋው በግቢው ውስጥ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በደሴቶቹ ገዳማት ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ስለ ጴጥሮስና ስለ እንድርያስ በክብር ሲነበብ፣ ከደጁ ባለው ውሃ ላይ መረብ የሚጥለው ሰው ግን ከሰው ተራ ውጭ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን ስለ ሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። አዋጁ የሚመሰገን ቢሆንም፣ በአንድ ቀን የተነገረ ቃል የብዙ መቶ ዓመታትን ልማድ ሊሽር አልቻለም።

ንቀቱ ምን ያህል ኪሣራ እንዳስከተለ ከቋንቋው ታሪክ በላይ የሚመሰክር የለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በጎንደር በነበረበት ጊዜ ወይጦዎች በአገሩ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ልሳን እንደሚናገሩ ሰምቶ ሊመረምረው ፈለገ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች ተጠርተው መጡለት። ሰዎቹ ግን ለጥያቄው መልስ አልሰጡም፤ በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም አንዲት ቃል አልተገኘባቸውም። ብሩስ ይህን የመዘገበው የሰዎቹን ድንቁርና ለማሳየት ይመስላል። የዛሬ አንባቢ ግን ነገሩን ከሁለቱ ሰዎች ወገን ሆኖ ሊያየው ይገባል። በዳርቻቸው ሳሉ ወደ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ፤ ባዕድ ሰው ስለ ቋንቋቸው ይጠይቃቸዋል፤ ገመዱ ከወዲህ ይታያል። ከዚህ ሥፍራ ላይ ዝም ማለት የብልህ ሰው ምርጫ ነበር።

ዝምታው ግን ዋጋ አስከፈለ። ከዚያ በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ማንም ሰው ቋንቋውን በወረቀት አላሰፈረም። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ወይጦዎች ሲጽፍ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ መሆኑን ገለጸ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮልም እ.ኤ.አ. በ1928 በአካባቢው ሲያልፍ ያገኘው ይህንኑ ነው። ይሁንና ግሪዮል አንድ ነገር ጨመረ፤ አንድ ወይጦ በሞተው የአባቶቹ ቋንቋ መዝሙር እንደ ዘፈነና ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን እንደማያውቅ ጻፈ። ከቋንቋው በሥራ ላይ ቀርተው ያገኛቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ። ቃላቱም የጉማሬ ብልቶች ስሞች ናቸው።

በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስለ ሰማይና ስለ ምድር፣ ስለ እናትና ስለ አባት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሐዘን የሚናገሩት ቃላት ጠፍተው፣ የሞተ ጉማሬ ሲበለት ብልትን ከብልት ለመለየት የሚያገለግሉት ቃላት ቀሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለሰማይና ለእናት አማርኛው የራሱ ቃል ነበረው፤ ጉማሬን ለመበለት ግን የጎረቤቱ ቋንቋ ምንም ቃል ሊያበድር አልቻለም፣ ጎረቤቱ ያንን ሥራ አይሠራምና። ቃሉን ከሞት ያቆየው ሥራው ነበር። ጉማሬው እየተመናመነና አደኑም እየቀረ ሲሄድ ሥራው ለቃሉ የሚሰጠው ጥግ አብሮ ጠፋ። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የገለጸውም ወይጦዎች ከአደን ወደ እርሻ ኑሮ ሲሸጋገሩ የታየውን ለውጥ ነው።

ዓሣዎቹ ከአጥማጆቹ የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጎንደርና በጣና ዙሪያ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን ዓሣዎች ሥዕላቸውንና መግለጫቸውን በአገሩ አሳተመ። ካወጣላቸው ሳይንሳዊ ስሞች መካከል በሶ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪና ነጅያ የሚሉ ይገኛሉ። ላቲን እንዳልሆኑ ድምፃቸው ራሱ ይናገራል፤ ከዳርቻው ሰው አፍ የተለቀሙ ለመሆናቸው ብዙ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስልም። ዛሬ በማንኛውም የዓለም ቤተ ሙከራ ስለ እነዚህ ዓሣዎች የሚጽፍ ሊቅ ሳያውቀው የጣናን አጥማጅ ቃል ይጠቅሳል። ኋላም በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በጂዮቶ ዳይኔሊ የሚመራ የኢጣሊያ የጥናት ቡድን ሐይቁን መረመረ፤ የቡድኑን ዓሣዎች ያጠናው ጆርጆ ቢኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ሥራ አንዱን ዝርያ በጎርጎራ፣ ሌላውን በአለቃው በዳይኔሊ ስም ሰየመው። የስም አሰጣጡ ተለውጦ ነበር፤ አዲስ የመጣው ሰው አጥማጁን መጠየቅ ትቶ ሹሙን ማክበር ጀምሯል። በመጨረሻም ሆላንዳውያኑ ናገልኬርከና ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ዝርያዎቹን እንደገና መርምረው በሥርዓት አስቀመጧቸው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጣና በሌላ ምክንያት በዓለም ጋዜጦች ላይ ታየ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበረ ለማሳየት ተነሣ። ለዚህ የሚሆን ደንገል በግብፅ ስላልተገኘ 12 ቶን ያህል ከጣና ታጭዶ በመርከብ ተላከ። «ራ» የተባለችው ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነሣች፤ ከባሕሩ አብዛኛውን ከተጓዘች በኋላ ፈርሳ ቀረች። በዓመቱ «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። የመጀመሪያዋን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋን የሠሩት ከደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ናቸው። ሣሩ የጣና፣ እጁ የሌላ አገር ሰው ነበር። ታንኳ ሠሪው ያለው ጥበብ ለውቅያኖስ የሚሆን ነበር አልነበረም የሚለው ለብቻው የሚያከራክር ጉዳይ ነው። የሚያስገርመው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን በአገር ውስጥ ታንኳን እንደ ድህነት ምልክት ከማየት ያለፈ ስሜት አለመፈጠሩ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986፣ ማለትም በ1978 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅትና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር የተጀመረ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና አስገባ። እስከዚያ ድረስ የማጥመድ ሥራ ታንኳ ሊርቅ ከሚችለው ዳርቻ አይዘልም ነበር፤ መካከለኛው ውሃ ለዓሣው መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል። ባለ ሞተሩ ጀልባ በመጀመሪያ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ ኋላም ከዚያ ራቅ ብሎ ሠራ። በዚህ ዘርፍ የተገኘው ዓመታዊ ምርት እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። ይህ ውጤት ቀላል አይደለም። ብዙ ወጣቶች ሥራ አግኝተዋል፤ ዓሣ በከተማ ገበያ የተለመደ ምግብ ሆኗል፤ በዐቢይ ጾም ዓሣ መብላት ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ባይቋጭም በጾም ወራት ፈላጊው እንደሚበዛ የታወቀ ነው። ከሁሉም በላይ፣ የተናቀው ሥራ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር የሚንቀው ሰው ቁጥር ቀነሰ። አዋጅ ያላስቆመውን ነገር ገበያ በከፊል አስቆመው ማለት ነው።

ነገር ግን ሞተሩ የመጣው ያለ ዳርቻው ዕውቀት ነው። መረቡ ወንዞቹ አፍ ላይ፣ ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ወር ተዘረጋ። በ1991 እና በ2001 (እ.ኤ.አ.) መካከል በተደረገ ጥናት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉ ተረጋገጠ። ጥፋቱን ሁሉ በሞተርና በናይለን ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በወንዞቹ ላይኛ ክፍል የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማስከር ልማድ ከጥንት የነበረ ነው። ብርብራው የሚራባውን ከሕፃኑ፣ የሚበላውን ከማይበላው ሳይለይ ይፈጃል። የአባቶችን ጥበብ ሁሉ ንጹሕ አድርጎ መሣል የሚወድ ጸሐፊ ይህን ማለፍ ይቀናዋል፤ ሊታለፍ ግን አይገባውም። መንጠቆውም ብርብራውም ከአንድ ዳርቻ የወጡ ናቸው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በአንድ በኩል ጀልባውን በሌላ በኩል ብርብራውን የሚመለከት ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ተገኘ። በየወንዙ አፍ በክረምት ሌሊት ሕጉን የሚያስከብር ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በአዋጁ አልተዘጋም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዘገበ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ታይቶ ነበር። እምቦጭ የሚወደው አጥማጁም ዓሣውም የሚወዱትን ሥፍራ ነው፤ ጥልቀት የሌለውን፣ ሞገድ የማይበዛበትን፣ ወንዝ ደለል የሚያመጣለትን ውሃ። ቆሮሶ ጎጆ የሚቆፍርበት ዳርቻ በአረም ምንጣፍ ተሸፈነ፤ መንጠቆ የሚወረወርበት ጥርት ያለ ውሃ ጠበበ፤ መረብ አረም ይዞ ይወጣ ጀመር። የአካባቢው ገበሬ በዘመቻ እየወጣ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው። በዚያው ዳርቻ የእርሻ መሬት ወደ ውሃው እየተጠጋ ሲሄድ የደንገሉ ጫካ ሳሳ። ደንገሉ በሳሳበት መንደር ታንኳ ሠሪው ነዶውን ከራቀ ሥፍራ ማምጣት ግድ ሆነበት፤ ለጥቂት ወራት ለሚያገለግል ዕቃ ይህን ያህል ድካም ያዋጣል አያዋጣም ብሎ ማስላትም እንዲሁ።

በባሕር ዳር በኩል ሐይቁን የሚጎበኝ ሰው ዛሬም የማገዶ ጭነት የያዘ ታንኳ ከዘጌ አቅጣጫ ሲመጣ ሊያይ ይችላል። ቀዛፊው ከጭነቱ በላይ ተቀምጦ በረጅም የቀርቀሃ ዘንግ ግራና ቀኝ ውሃውን ይመታል። የብረት ጀልባው ሞገድ ሲደርስበት ታንኳው አይታገልም፤ ከሞገዱ ጋር ጎብጦ ያሳልፈዋል። ከዳርቻው ሲደርስ ባለቤቱ ጭነቱን ያራግፍና ታንኳውን በትከሻው ደግፎ ያቆመዋል፤ የጠጣው ውሃ ከደንገሉ ውስጥ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ጠብ ጠብ ይላል።